አዲስ ዳሌ፣ አሮጌ አስተማሪ

«ነይና ውሰጂኝ፤ ከዚህ ሰውዬ ጋር አንድ ሳምንት ከጨመርኩ ወይ እሱ ያብዳል ወይ እኔ አብዳለሁ» የሚለውን የሚስቱን ድምፅ አስተማሪው የሰማው በማለዳ፣ በአንድ እጁ ለብ ያለ ውሃ የያዘች ትንሽ ሳፋ፣ በሌላው ደም እንዳይረጋ ተብሎ የታዘዘላትን ረጅም ጠባብ ካልሲ ይዞ የመኝታ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል። እሷ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ፣ በአራት ብሎኬት ከፍ ከተደረገው አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል አጣብቃ ታናሽ እህቷን ታናግራለች። የምታንሾካሹክ መስሏታል። ነገር ግን ዕድሜዋን በማተሚያ ቤት አራሚነት ስትፈጅ፣ በማሽኖቹ ጩኸት መካከል ጽሑፍ ለባልደረባዋ ጮክ ብላ እያነበበች ስለኖረች፣ የእሷ ሹክሹክታ የሌላ ሰው ጥሪ ያህል ነው። «አይሰማም፣ ኩሽና ነው ያለው» አለች። «ዛሬ ከሰዓት ነይ። ለእሱማ አንቺው ትነግሪዋለሽ፤ እኔ አንጀቴ አይችልም።»

አስተማሪው ሳፋውን እንደያዘ ቀረ። የተሰማው ነገር ቁጣ ቢሆን ኖሮ ይቀለው ነበር፤ ቁጣ ቢያንስ የሚወረውረው ነገር ይፈልጋል። የተሰማው ግን ግፍ እንደተፈጸመበት ነው። ቀኝ ዳሌዋ በአዲስ መገጣጠሚያ ከተተካ ወዲህ፣ ተኝታ እግሯን እንዳታጣምር በመፍራት፣ አልጋዋ ሥር መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፎ፣ በተገላበጠች ቁጥር እየነቃ ያደረው ማን ሆነና? ዝቅ ብላ እንዳትቀመጥ ተብሎ ቢነገረው፣ አልጋውን፣ የሳሎኑን ወንበር፣ የኩሽናውንም በርጩማ በብሎኬት ያስነሣ፣ ለመጸዳጃ ቤቱ ከፍ ያለ መቀመጫ በአንድ ደህና ጎማ ዋጋ የገዛ፣ በስተርጅና የአትክልት ሾርባ መሥራት የተማረ ማን ነው? ይህን ሁሉ በልቡ ደረደረ። ከዚያም ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰና ጉሮሮውን በኃይል ጠርጎ፣ በሩን በእግሩ ገፋ አድርጎ ገባ። ስልኩ ከትራሱ ሥር ገብቶ ነበር።

ካልሲው የሁልጊዜ ሥርዓት ነበረው። እሱ ይንበረከካል፤ እሷ እግሯን ትዘረጋለች፤ እሱም እያጠለቀ ይናገራል፦ አሁን ጣቶች፣ ቀጥሎ ተረከዝ፣ አታጣጥፊ፣ ዘና በይ፣ ዘና አልኩ እንጂ ግፊው አልኩሽ እንዴ። ዛሬ ግን ካልሲው በዝምታ ተጠለቀ። ከጣት እስከ ጉልበት ያለው መንገድ እንዲህ ረጅም ሆኖ አያውቅም። ሚስቱ ከላይ ሆና የራሱን መሐል፣ ፀጉሩ የሳሳበትን ቦታ ተመለከተች።

«ምነው ዝም አልክ?»

«ምን ልበል?»

«አመመህ እንዴ?»

«በሽተኛዋ አንቺ ነሽ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች ካልሲው ሲያልቅ። ይህ ቃል በትዳራቸው ውስጥ ለእንግዳ ብቻ የሚወጣ እንደ ጥሩ ብርጭቆ ያለ ቃል ስለነበር፣ ከስልኩ ንግግር ይልቅ ልቡን የሰበረው እሱ ነው።

ሰውዬው የመኪና መንዳት አስተማሪ ነው፤ ይህን ያላወቀ ሰው በቤታቸው ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ሊገባው አይችልም። የሚያስተምርበት መኪና በተለማማጁ በኩል ብቻ ሳይሆን በእሱም በኩል ፍሬን አላት፤ ቀኝ እግሩም ከወጣትነቱ ጀምሮ በዚያ ፔዳል ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሌላው ሰው ሊሳሳት ያሰበውን ስሕተት ገና ሳይሠራ ሲያስቆም ኖሯል። ባልደረቦቹ በስሙ ጠርተውት አያውቁም፤ «ፍሬን» ነው የሚሉት። ሚስቱ ክራንቿን ይዛ ከመኝታ ቤት ወደ ኩሽና ስትሄድ፣ እሱ በቀኟ በኩል እጁን ወገቧ አጠገብ እንደ ጥላ ዘርግቶ ይከተላታል። «ወደ ፊት እዪ፣ እግርሽን አትዪ! ቀስ! ፊት ለፊት ምንጣፍ አለ! አሁን ታጠፊ፤ ሰፋ አድርገሽ ታጠፊ፣ በሩን ትነኪዋለሽ!» ይላታል፤ በእያንዳንዱ «ቀስ» ቀኝ እግሩ ወለሉን ይረግጣል። ባለፈው ሳምንት ቤት ድረስ የመጣችው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ አካሄዷን አይታ ተደስታ፣ አሁን ደረጃ ትለማመድ፣ ስትወጣ ደህናው እግር ይቅደም፣ ስትወርድ የታመመው፣ ካለች በኋላ ወደ እሱ ዞራ «እርስዎ ግን ቁጭ ቢሉ ጥሩ ነው» ብላው ነበር። እሱ ስለ ጤናው ማሰቧ መስሎት አመስግኗታል። ደረጃውን ግን ከለከለ። «ለደረጃ ገና ነሽ» አለ፣ ለዋና መንገድ ገና ነሽ በሚልበት ድምፅ። እነሱ የሚኖሩት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለም። ሁለት ጎረቤቶች በወንበር ተሸክመው ካወጧት ወዲህ ሚስቱ ከሰማይና ከጎረቤት ጣሪያ ሌላ ያየችው ነገር የለም።

ካልሲው ባለቀ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከሁለተኛ ፎቅ ጡረተኛዋ አዋላጅ እንደ ልማዷ ለመርፌው መጣች። ደም የሚያቀጥነውን መርፌ በየዕለቱ ሚስቱን ሆዷ ላይ የምትወጋት እሷ ነች፤ ባልየው መርፌ ማየት ስለማይችል ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከዚህ ሥራ ተሰናብቷል። ኮሪደር ላይ ቆሞ ግድግዳ ሲያይ አዋላጇ ጨርሳ ወጣችና ከታች ወደ ላይ ገረመመችው።

«አንተ ልጅ፣ መቼ ነው እንቅልፍ የተኛኸው?»

«እተኛለሁ እኮ፣ እትዬ።»

«ዓይንህ ሥር ያለውን ሻንጣ ተሸክሞ የሚተኛ አላየሁም። እሷ እኮ ቀዶ ሕክምና ተደርጋ ነው፤ አንተ ምን ሆንኩ ብለህ ነው?»

የሆነውን ሊነግራት አፉን ከፈተ፤ ግን ሚስቴ ትታኝ ልትሄድ ነው የሚለው ነገር በኮሪደር፣ በጠዋት፣ መርፌ ለያዘች አሮጊት የሚነገር አልመሰለውም። ቁልፉን አንሥቶ ወደ ሥራ ወረደ።

የፈተናው ሜዳ ከከተማው ጠርዝ፣ ከጎማ መጋዘን ጀርባ ያለ ሰፊ አስፋልት ነው። በፈተና ቀን ሕጉ ግልጽ ነው፦ ተፈታኙ ከፈታኙ ጋር ብቻውን ይገባል፤ አስተማሪዎች ከሽቦ አጥሩ ውጭ ይቆማሉ፤ መጮህም ሆነ ምልክት ማሳየት ክልክል ነው። አስተማሪው ይህን ሕግ አክብሮ አያውቅም። አይጮህም እንጂ፣ አጥሩን ተደግፎ በባዶ እጁ መሪ ያዞራል፣ በአንገቱ ወደ ስፖኪዮው፣ ወደ ጎን መስታወቱ፣ እይ ይላል፣ ተፈታኙ አስፋልቱ ላይ የቆሙትን ቀይ ምልክቶች ሊገጭ ሲል ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ያነሣል። ባልደረቦቹ ፈተናውን ከማየት ይልቅ የእሱን ትርኢት ለማየት ይሰበሰባሉ፤ ፈታኙም ደጋግሞ አስጠንቅቆት ሲሰለቸው ትቶታል። ዛሬ የምትፈተንለት አንዲት ዳቦ ጋጋሪ ነች። ሁለት ጊዜ ወድቃለች፤ ሁለቱንም ጊዜ የወደቀችው ወደ ኋላ ገብታ ስታቆም ያንኑ ቀይ ምልክት ገጭታ ነው። ዳቦ የምታከፋፍልበትን መኪና ለመንዳት ሹፌር መቅጠር ሰለቸኝ ብላ የመጣች፣ ክንዷ የወፈረ፣ ሳቋ ከርቀት የሚሰማ ሴት ናት። መኪናው ውስጥ ስትገባ በመስኮቱ አጎንብሳ «መምህር፣ ዛሬ ካላለፍኩ ዱቄቱን በራሴ ላይ ነው የምደፋው» አለችው። እሱ ራሱን ነቅንቆ ብቻ አለፈ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን አጥሩ ላይ ለመጣበቅ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር። ዛሬ ግን በተገለበጠ አሮጌ ጎማ ላይ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ ተቀመጠና ለሚስቱ እህት የሚያደርገውን ንግግር ማዘጋጀት ጀመረ። ንግግሩ መጀመሪያ ክብር ያለው ነበር። «እህቴ ሆይ፣ በዚህ ቤት አንድም ነገር አልጎደለም» ብሎ ይጀምራል። ቀጥሎ የሾርባው ጉዳይ አለ፤ ከሾርባው ወደ ፍራሹ ይሻገራል፤ ፍራሹ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይሰበርና ንግግሩ ይበላሻል። እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። በዚህ ዓይነት ስለ ሚስቱ መሄድ በሐሳቡ ሦስት ጊዜ ተከራክሮ ሦስት ጊዜ ተሸንፎ ሳለ፣ አንድ ከባድ እጅ ትከሻውን መታው።

«አለፍኩ!» ዳቦ ጋጋሪዋ ከፊቱ ቆማ እጆቿን ዘርግታለች። «መምህር፣ አለፍኩ እኮ ነው የምልዎት! ምን ያህል ገጨሽ አይሉኝም? ምንም! ምልክቱን የመኪናዋ ንፋስ እንኳን አልነካውም!»

«እንኳን ደስ ያለሽ። ከልፋትሽ ነው።»

«ከእርስዎ ነው እንጂ። እውነቱን ልንገርዎት? አይቀየሙኝም?» አልጠበቀችም። «ያን ጊዜ ሁለቴ የገጨሁት እርስዎን ሳይ ነው። ወደ ኋላ እየገባሁ ቀና እላለሁ፣ እርስዎ ከአጥሩ ማዶ መሪ እያዞሩ ነው። የእሳቸው ግራ ነው ወይስ የእኔ ግራ እያልኩ ሳስብ፣ ቋ! ዛሬ ቀና ብል ጀርባዎን ሰጥተውኛል። ይኼ ሰውዬ ተስፋ ቆርጦብኛል አልኩ። ተናደድኩ! በንዴት ስፖኪዮዋን አየሁና አቆምኳት።»

«እኔ እኮ ልረዳሽ ነበር» አለ አስተማሪው፤ በዕለቱ ለሁለተኛ ጊዜ ግፍ የተፈጸመበት መሰለው።

«እንዴታ! እሱ ጠፍቶኝ ነው?» ብላ ሳቀችና ባልደረቦቹን እያቀፈች ሄደች።

ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ያስተማራት ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ያለፈችው እሱ ስላላያት መሆኑን ላለማመን ብዙ ታገለ። የዳቦ ጋጋሪ ቀልድ ነው አለ። ዕድል ነው አለ። ነገር ግን ቀይ መብራት ላይ ቆሞ ሳለ ያለፈው ሳምንት ነገር ትዝ አለው። ሚስቱ ከኩሽና ስትመለስ ክራንቿ ተንሸራቶ ልትወድቅ ነበር፤ እሱ ምንጣፉን ጥፋተኛ አድርጎ ጠቅልሎ ሰገነት ላይ አውጥቶታል። አሁን ግን ትዕይንቱ ሌላ ሆኖ ታየው። «ምንጣፍ!» ብሎ ሲጮህ፣ እሷ የዞረችው ወደ ምንጣፉ አልነበረም፤ ወደ እሱ ነበር። ክራንቹ የተንሸራተተው ፊቷን ወደ እሱ ባዞረችበት በዚያች ቅጽበት ነው። ምንጣፉ ምንም አላደረገም። መብራቱ አረንጓዴ ከሆነ ቆይቶ ኖሮ ከኋላው ክላክስ ይጮሃል፤ ሰው ሁሉ የመንዳት ትምህርት የሚል ትልቅ ጽሑፍ በጣሪያዋ ላይ የተሸከመች መኪና መንገድ ዘግታ ቆማ ሲያይ ይስቅ ነበር።

የእህቷ መኪና ቤታቸው በር ላይ፣ ሁለት ጎማዋን የእግረኛ መንገድ ላይ ሰቅላ ቆማለች። አልፏት ወጣ። ታናሽ እህቷ የመጋረጃ ሱቅ አላት፤ በምድር ቤት የተንጣለለ ቤት፣ ለራሷም ለሌላውም የሚበቃ ድምፅ። አሁን ግን ያ ድምፅ አብሯት አልመጣም። በብሎኬት በተነሣው የሳሎን ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ እግሮቿ መሬት ሳይነኩ ተንጠልጥለው፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ይዛለች። ሚስቱ ሶፋው ላይ በሦስት ትራስ ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ ከእግሯ አጠገብ የተዘጋ ሻንጣ አለ። ሦስቱም ሻንጣውን አይተው ሦስቱም እንዳላዩ ሆኑ።

«እንዴት ዋላችሁ» አለ።

«ደህና። አንተስ ጋሼ፣ ሥራ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው። መጋረጃ እንዴት ነው?»

«ዋጋው ጨመረ። ሰው መስኮቱን በጋዜጣ ሊሸፍን ነው።»

ሻይ አፈላ። ሻዩ ተጠጣ። እህትየው ጉሮሮዋን ጠረገችና «ጋሼ፣ እንግዲህ…» ብላ ጀመረች፤ እሱም «ስኳር ላምጣልሽ?» አለ። ስኳሩ መጣ። ሻይ ተማሰለ። «ጋሼ፣ እኔማ ምን አስቤ ነው…» አለች፤ ሚስቱም ወዲያው «ሻዩ ሞቀ» አለች። ከታችኛው ፎቅ የአዋላጇ ሬዲዮ ይሰማ ነበር። ከሦስቱ ማንኛቸውም ይህን ንግግር አይፈልጉትም፤ ሁሉም ግን ሌላው እስኪጀምረው እየጠበቁ ነው። በመጨረሻ አስተማሪው ብርጭቆውን አስቀመጠ። ጎማው ላይ ተቀምጦ ያዘጋጀው ንግግር፣ ሾርባውም ፍራሹም፣ ከአንደበቱ ጠፍቷል።

«ሻንጣው ተዘግቷል ወይስ የሚጨመር አለ?»

ሚስቱ ዓይኗን ጨፈነች። «ሰምተሃል።»

«በሩ ገርበብ ብሎ ነበር።»

«ሹክ ብዬ ነው እኮ ያወራሁት!»

«አንቺ ሹክ ስትዪ ሁለተኛ ፎቅ ይሰማል።»

ልትስቅ ነበር፤ ግን ዓይኗ ሻንጣው ላይ አረፈ። «ክፉ ሰው ስለሆንክ አይደለም» አለች። «ምን አጎደልክብኝ? ምንም። ግን እኔ በዚህ ቤት ውስጥ አንድ ስኒ ለማንሳት እንኳን ፈቃድ የምጠይቅ ሰው ሆኛለሁ። ቀና ብዬ ስራመድ ድምፅህ ይቀድመኛል። ማታ ማታ ተኝቼ እግሬን ሳንቀሳቅስ አንተ ከሥር ‘ቀስ!’ ትላለህ፤ አንተ እንቅልፍ ላይ ሆነህ እኮ ነው! እውነት እልሃለሁ፣ የምፈራው መውደቅን አይደለም። እንዲህ ሆኜ መቅረትን ነው። መሥሪያ ቤቴ የእኔን ጠረጴዛ ስንት ጊዜ ባዶውን ያስቀምጥልኛል? ደረጃ ካልወረድኩ እንዴት ነው የምመለሰው?»

አስተማሪው መልስ ነበረው። ስለ ደረጃው፣ ስለ ሐኪሙ ማስጠንቀቂያ፣ በዚህ ዕድሜ ስለሚሰበር አጥንት ብዙ መልስ ነበረው። ቀኝ እግሩ ምንጣፉ በተነሣበት ባዶ ወለል ላይ ሲጫን ተሰማው። አነሣው።

«መውረድ ትችያለሽ?» አላት። ከሆስፒታል ከወጣች ጀምሮ ስለ አካሄዷ የጠየቃት የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነበር፤ ሌላው ሁሉ ትእዛዝ ነው።

«አላውቅም» አለች ተገርማ። «ሞክሬው አላውቅም።»

«እንግዲያው እኔ ታች እጠብቅሻለሁ።»

ሻንጣውን አንሥቶ ወጣ። እህትየው «ጋሼ! ብቻዋን?» ስትል ሰማ፤ አልዞረም። ሁለተኛ ፎቅ ሲደርስ የአዋላጇን በር አንኳኳ። «እትዬ፣ ሚስቴ ደረጃ ልትወርድ ነው። ወደ ላይ ወጥተው አንድ ደረጃ ከፊቷ ሆነው ይውረዱልኝ። ብቻ እባክዎን፣ ምንም አይናገሯት።» አዋላጇ ጫማዋን ፈልጋ እያደረገች «ጠዋት እህቷን ስትጠራ እኔም ሰምቻለሁ» አለችው፣ እንደ ማጽናኛ።

ምድር ቤት ሲደርስ ከዋናው በር ጀርባ፣ ደረጃው ከማይታይበት ጥግ ገባና ሻንጣውን እንደ ሕፃን አቅፎ ግድግዳውን ተደገፈ። ማየት ቢችል አፉን መያዝ እንደማይችል ራሱን ያውቃል። ከላይ በር ተከፈተ። ከዚያ የክራንቹ ድምፅ መጣ፦ የጎማው ጫፍ ሲያርፍ ጠብ፣ የታመመው እግር፣ ከዚያ ደህናው። ጠብ፣ እግር፣ እግር። በዕድሜው ብዙ ሰው ከጎኑ አስቀምጦ ገደል አጠገብ አስነድቷል፤ ይህን የመሰለ ጉዞ ግን አላጋጠመውም። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣበቀ። «እታለም! ቀስ! ብረቱን ያዢው! ኧረ አትቸኩዪ! ያውልሽ ደረጃው!» የሚል ጩኸት ከላይ ወረደ፤ የእህቷ ድምፅ ተመልሶላታል። ክራንቹ ቆመ። «አንቺ ልጅ፣» አለች ሚስቱ፣ በማተሚያ ቤት ድምፅዋ፣ «አንዱን ትቼ ሌላው ጋ ልገባ ነው እንዴ? ዝም በይ!» ክራንቹ ጉዞውን ቀጠለ። በዚያ ጨለም ባለ ጥግ ውስጥ የአስተማሪው ፊት ሳያውቀው ፈገግ አለ፤ ፈገግታውም ገና ሳይጠናቀቅ፣ አንድ ነገር በብረት ድምፅ እየተንኳኳ፣ እየነጠረ፣ ከደረጃ ደረጃ እየወረደ መጥቶ እግሩ ሥር ቆመ። ክራንች ነው።

ከላይ ምንም ድምፅ የለም። ሻንጣው ከእቅፉ ወደቀ። አንድ እግሩ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ነበር፤ እዚያ እንዴት እንደደረሰ አያውቅም።

«ደህና ነኝ!» የሚል ድምፅ መጣ። «እጄን አልቦኝ ነው ያመለጠኝ። ብረቱን ይዣለሁ። አትምጣ!»

አልወጣም። ይህን ያህል ከባድ ነገር አድርጎ አያውቅም፤ እግሩ ደረጃው ላይ፣ ክራንቹ በእጁ፣ እንደ ሐውልት ቆመ። እህትየው ባለ ተረከዝ ጫማዋን እያንቋቋች ወርዳ ክራንቹን ልትቀበለው ስትል ፊቱን አይታ ደነገጠች። «ጋሼ፣ አንተ ልትወድቅ ነው እኮ፤ ቁጭ በል!» «አድርሺላት» አለና ክራንቹን ሰጣት። እህትየው ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ምንም ንግግር ተመልሳ ወጣች።

ሚስቱ የመጨረሻውን ደረጃ ስትወርድ ግንባሯ በላብ ወርዝቶ፣ ፀጉሯ ከማሰሪያው አምልጦ፣ ጉንጯ እንደ ልጃገረድ ቀልቶ ነበር። አዋላጇ ከፊቷ ዞር አለች። ማንም አላጨበጨበም፤ ሁሉም ግን የሚያደርጉት የጠፋቸው ይመስሉ ነበር። እሷ በክፍቱ በር ወጣችና መንገዱን አየች፤ የጫማ ጠጋኙን ጃንጥላ፣ አውቶቡስ የሚጠብቁትን ሰዎች፣ ተሸክመው ሲያወጧት ያልነበረውን የሱቅ ማስታወቂያ። ማስታወቂያውን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። «ሁለት ስሕተት አለበት» አለች፣ በእርካታ። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች።

«እዚህ ነው የቆምከው?»

«እዚሁ ነው።»

«ምንም ሳትናገር?»

«ምንም።»

«ክራንቹ ሲወድቅስ?»

«ያኔማ» አለ አስተማሪው፣ «አዲስ ዳሌ የሚያስፈልገው ለእኔ ነው ብዬ ነበር።»

ሳቀች። ሳቋ ሆዷን እስክትይዝ ድረስ ስለነበር አዋላጇ ክንዷን መደገፍ ነበረባት። እህትየው የመኪናውን በር ከፍታ፣ ትራሱን አስተካክላ «በይ እንግዲህ፣ ቀስ ብለሽ ግቢ» አለች። ሚስቱ አልተንቀሳቀሰችም። መኪናውን አየች፤ ደረጃውን አየች፤ ባሏን ረጅም ጊዜ አየች።

«አልሄድም» አለች።

«እንዴት? እንዴት አልሄድም?» እህትየው የመኪናውን በር እንደያዘች ቀረች። «አልጋውን እኮ ለአንቺ ብዬ በድንጋይ አስነሥቼዋለሁ! አዲስ አንሶላ፣ አዲስ መጋረጃ! ሠራተኛዋ ሾርባ ጥዳለች! ሱቄን ዘግቼ ነው የመጣሁት!»

«አልጋው አይባክንም። እሱን ውሰጂው።»

መጀመሪያ ማንም አልገባውም፤ አስተማሪውም ከኋላው ሌላ ሰው ያለ ይመስል ዞር ብሎ አየ።

«እኔን?»

«አንተን። ፊትህን አይተኸዋል? ሦስት ሳምንት ሙሉ እንደ ዘበኛ ተቀምጠህ ነው ያደርከው። ሂድና ሁለት ሌሊት ተኛ።»

«ካልሲውን ማን ያለብስሻል?»

«እኔ» አለች አዋላጇ።

«ውሃውን ማን ያሞቅልሻል? ሌሊት ብትፈልጊ ማን…»

«እኔ ነኝ አልኩህ እኮ፤ ሳሎኗ ላይ አድራለሁ። ስንት እናት ከአራስ አልጋ ያስነሣሁ ሰው አንዲት ዳሌ ታቅተኛለች?»

«ልብስ አልያዝኩም!»

«የባለቤቴ ፒጃማ አለ፤ ሰፊ ነው እንጂ» አለች እህትየው፣ ነገሩ ቀስ በቀስ እየጣማት። ለአንድ ታማሚ ያዘጋጀችውን እንክብካቤ ለሌላ ታማሚ መስጠት እንደሚቻል ገብቷት፣ የመኪናውን በር ይበልጥ ከፈተችው። አስተማሪው ግን በሩን እያየ ቆመ። ጠዋት ሚስቱ ትታው ልትሄድ ነው ብሎ ሲፈራ ውሎ፣ ማታ ከቤቱ የሚወጣው እሱ ሊሆን ነው፤ ይህ ቅጣት ይሁን ሽልማት መለየት አቃተው። ሚስቱ ክራንቿን ተደግፋ ሁለት እርምጃ ቀረበችውና የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለችለት።

«አንተ ሰው፣ ስማኝ» አለችው፤ ይህን ጊዜ ድምፅዋ እውነተኛ ሹክሹክታ ነበር። «በዚህ ሁሉ ዓመት ትዳራችን አንድ ቀን እንኳን ናፍቀኸኝ አታውቅም። መች ዞር ብለህ! ሁለት ሌሊት ስጠኝና ልናፍቅህ።»

አዋላጇ ሻንጣውን አነሣች፤ ሚስቱ ወደ ደረጃው ዞረች፣ ደህናውን እግሯን አስቀደመች። እሱ በመንገዱ ጠርዝ ቆሞ ቀና አለ። የደረጃው መስኮቶች ወደ መንገዱ ይመለከታሉ። ብዙ ቆይቶ በአንደኛው ፎቅ መስኮት ላይ ሚስቱ ብቅ አለችና አለፈች፤ ከኋላዋ አዋላጇ። እህትየው ሞተሩን አስነሥታ ክላክስ ነፋች፤ አልሰማትም። በሁለተኛው መስኮት ላይ ቆማ ትንፋሿን ስትሰበስብ አያት፤ ግንባሯን በእጇ ጀርባ ጠረገችና እንደገና ጠፋች። አውቶቡስ መጥቶ ሰዎቹን ጭኖ ሄደ። ጫማ ጠጋኙ ጃንጥላውን አጠፈ። ከዚያ በሦስተኛው ፎቅ የኩሽናው መስኮት በኃይል ተከፈተና የሚስቱ ራስ፣ ቀጥሎም ትከሻዋ ወጣ፤ ድምፅዋም በመንገዱ ላይ ሲወርድ እግረኛው ሁሉ ቀና አለ።

«አሁንም አልሄድክም? ምን ትጠብቃለህ? አንተ ሳትሄድ እንዴት አድርጌ መናፈቅ ልጀምር?»

አስተማሪው እጁን አነሣላት፤ መኪናዋ ውስጥ ገባ፤ በሩን ዘጋ። እህትየው ከእግረኛው መንገድ እየተንገጫገጨች ወርዳ፣ ስለ አዲሱ አንሶላና ስለ ሾርባው እየነገረችው ወደ አደባባዩ ታጠፈች፤ ምነው አይመልስልኝም ብላ ዞር ስትል ራሱን በመስኮቱ ላይ ጥሎ፣ አፉን ከፍቶ፣ እጆቹን ጭኑ ላይ ለቆ፣ ከባድ እንቅልፍ ወስዶት አገኘችው።